ውሃው እንዲያልፍ አፈሩም እንዲቀር፤ ስለ ማጠንፈፊያ ቦይ ማጥለያ አሠራር

መግቢያ

ውሃ ለሰውና ለእንስሳ ለአዝመራም ሕይወት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ያው ውሃ መውጫ ሲያጣ ጥፋት ይሆናል። በእርሻ ውስጥ ሲታቈር የእህሉን ሥር ያበሰብሳል፤ ከግንብ ኋላ ሲጠራቀም ግንቡን ገፍቶ ይጥላል፤ በግድብ ውስጥ ስውር መንገድ ሲያገኝ ግድቡን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ትርፉን ውሃ ከመሬት ውስጥ የሚያወጣ ቦይ ይቈፍራሉ፤ ቦዩንም በድንጋይ ሞልተው በአፈር ይከድኑታል።

ይህ ሥራ በብዙ ጉልበት ከተሠራ በኋላ አንዳንድ ጊዜ በሁለትና በሦስት ክረምት ውስጥ ይደፈናል። ያን ጊዜ አንዳንዱ ድንጋዩ አነሰ፤ ሌላውም ቦዩ ጠበበ ይላል። እውነተኛው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። በአፈሩና በድንጋዩ መካከል አፈሩን የሚያስቀር ውሃውን ግን የሚያሳልፍ ማጥለያ ሳይደረግ ስለ ቀረ ነው። እንዲህ ሲሆን የመንደሩ ሰው ሥራ ፈትቶ የቈፈረበት ቀን፤ በሸክም የመጣው ድንጋይ፤ የታሰበውም መሬት ሁሉ ባንድነት ይጠፋል።

ይህ ትምህርት የሚያስረዳው ማጥለያ ማለት ምን እንደ ሆነ፤ አሸዋውና ጠጠሩ በምን ልክ እንዲመረጥ፤ እንዴትም እንዲደረደር ነው። አስተማሪው ፈተናዎቹን በትምህርት ቤት ከልጆች ጋር ሊሠራቸው ይችላል፤ ሽማግሌዎችም ለመንደር ሥራ ሰው ከማውጣታቸው በፊት ቢመለከቱት ይጠቅማል። በውስጡ የሰፈሩት ዓመታት፤ ካልተገለጸ በቀር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩ ቦይ ስለ ምን ይደፈናል?

አፈር የብዙ ቅንጣቶች ክምችት ነው። በቅንጣትና በቅንጣት መካከል ክፍተት አለ፤ ውሃም በዚያ ክፍተት እየሰረገ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይሄዳል። ውሃው በአፈሩ ውስጥ ሳለ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚደጋገፉ አይነቃነቁም። ወደ ቦዩ ሲደርስ ግን የመጨረሻው ቅንጣት ከፊቱ ደጋፊ የለውም። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከቅንጣቱ እጅግ የሰፋ ከሆነ ውሃው ቅንጣቱን ይዞ ይገባል፤ ከዚያም በስተኋላው ያለው ደጋፊውን ያጣና እርሱም ይከተላል።

ከዚህ ነገር ሁለት ጉዳት ይወለዳል። አንደኛው፤ ውሃው ዝግ ብሎ የሚሄድ ከሆነ አፈሩ በድንጋዮቹ መካከል እየተኛ ቦዩን ይደፍናል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ ውሃው ኃይል ካለው አፈሩን እስከ ውጭ ይዞት ይሄዳል፤ ከመሬት በታችም ባዶ ዋሻ ይቀራል። ዋሻውም ከቦዩ አፍ ወይም ከጐኑ ጀምሮ ውሃው ወደ መጣበት ወደ ኋላ ያድጋል። ባደገ ቍጥር መንገዱ ያጥራል፤ መንገዱ ባጠረ ቍጥርም ውሃው ይበረታል። ላዩ ሣር ለብሶ ደኅና መስሎ ሳለ ውስጡ ያልቃል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው ተረት ለዚህ ነገር ይስማማል።

የዚህ ነገር ታላቅ ምስክር በአሜሪካ አገር በአይዳሆ ግዛት ተሠርቶ የነበረው የቴተን ግድብ ነው። ግድቡ ከአፈር የተሠራ፤ ቁመቱም 93 ሜትር ያህል ነበረ። ሐይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ፤ በ1976 ዓ.ም. ሰኔ ወር በገባ በ5ኛው ቀን፤ ይኸውም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ግንቦት 28 ቀን 1968 ዓ.ም. በጠዋት ከግድቡ ጐን ድፍርስ ውሃ ሲወጣ ታየ። ያው ቀን እኩል ሳይሆን ግድቡ ተደረመሰ፤ 11 ሰዎችም ሞቱ፤ በታች ያሉት ከተሞችና እርሻዎችም በጎርፍ ተጥለቀለቁ። ከዚያ በኋላ የተመረመረው ነገር እንዳስረዳ፤ የግድቡ ልብ የተሠራበት አፈር ነፋስ ያመጣው ደቃቅ ደለል ነበረ፤ ውሃውም በዐለቱ ስንጥቅ በኩል ገብቶ ያን አፈር ከውስጥ ሸረሸረው። አፈሩን ከስንጥቁ የሚጠብቅ በቂ ማጥለያ በመካከል አልነበረም።

የመንደር ቦይ ከዚህ ግድብ ጋር በታላቅነት አይወዳደርም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ቅንጣቱን የሚይዝ ከሌለ ውሃ ይወስደዋል።

፪ የሦስቱ ሎሚዎች ምሳሌ

ልጆች ይህን ነገር በዓይናቸው እንዲያዩት አስተማሪው እኩል የሆኑ ሦስት ሎሚዎች በገበታ ላይ እርስ በርሳቸው አነካክቶ ያስቀምጥ። በመካከላቸው አንድ ቀዳዳ ይቀራል። በዚያ ቀዳዳ ሊያልፍ የሚችለው ትልቁ ክብ ነገር፤ የሎሚው ውፍረት በስድስት ተኩል ሲከፈል የሚገኘው ልክ ነው። የሎሚው ውፍረት 4 ሳንቲሜትር ቢሆን ቀዳዳው ከ6 ሚሊሜትር በጥቂት የበለጠውን ብቻ ያሳልፋል። እንግዲህ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር የሆነ ሽምብራ አያልፍም፤ ጤፍ ግን እንደ ውሃ ይፈሳል።

በሽምብራዎች መካከል ያለው ቀዳዳ ደግሞ 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሽምብራ ዳጉሳን ያስቀራል፤ ጤፍን ግን አያስቀርም። ዳጉሳ ግን ጤፍን ያስቀራል። አስተማሪው ሥሩ በተበሳ ጣሳ ውስጥ ከታች ሎሚ፤ በላዩ ሽምብራ፤ በላዩ ዳጉሳ፤ ከሁሉ በላይ ጤፍ አድርጎ ጥቂት ቢያነቃንቀው ጤፉ በላይ ይቀራል። በሌላ ጣሳ ሎሚ ብቻ አድርጎ ጤፍ ቢያፈስበት ግን ጤፉ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። ጤፉ እንደ አፈሩ፤ ሎሚውም እንደ ቦዩ ድንጋይ ይቈጠር። ዳጉሳና ሽምብራ ማጥለያዎቹ ናቸው። ጤፉን ያዳነው የሎሚው ብዛት ሳይሆን የእህሉ ደረጃ መጠበቁ ነው።

አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ሎሚዎቹ ሦስት ሆነው ሳይሆን አራት ሆነው በካሬ ቢቀመጡ በመካከላቸው የሚቀረው ቀዳዳ እጅግ ይሰፋል። በእውነተኛ ጠጠርም ውስጥ አንዳንድ ስፍራ እንዲህ የላላ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ጥቂት ደቃቅ ያልፋል። ነገር ግን በአፈሩ ውስጥ ካሉት ቅንጣቶች ሻካራዎቹ በቀዳዳዎቹ አፍ ይያዛሉ፤ እነርሱም በተራቸው ከኋላ የሚመጡትን ደቃቆች ይይዛሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አፈሩ ራሱ ለራሱ በር ይሠራል። መልካም ማጥለያ በጅምሩ ጥቂት ደፍርሶ ኋላ የሚጠራው ስለዚህ ነው።

፫ ሁለቱ ሕግጋት

በፕራግ ከተማ በ1883 ዓ.ም. የተወለደው መሐንዲስ ካርል ተርዛጊ በኢስታንቡል ከተማ አስተማሪ ሳለ ከተራ ዕቃ በሠራቸው መሣሪያዎች የአፈርን ጠባይ መረመረ፤ በ1925 ዓ.ም.ም ስለ አፈር ጠባይ የታወቀውን መጽሐፉን አሳተመ። ለግድብ የሚሆን ማጥለያ በምን ልክ እንዲመረጥ ሕግ ያወጣም እርሱ ነው። በ1940 ዓ.ም. በአሜሪካ በሃርቫርድ በርትራም የሚባል ሰው ይህን ሕግ በብዙ ፈተና መርምሮ መልካም መሆኑን አረጋገጠ።

ሕጉን ለመረዳት ሁለት ልኮች ማወቅ ያስፈልጋል። ደረቅ አፈር በልዩ ልዩ ወንፊት ሲነፋ፤ ከ100 እጅ 15 እጁ የሚያልፍበት የወንፊት ቀዳዳ «የደቃቁ ልክ» ይባል። ከ100 እጅ 85 እጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ ደግሞ «የሻካራው ልክ» ይባል።

አንደኛ ሕግ፤ አፈሩ እንዲቀር፤ የማጥለያው የደቃቁ ልክ ከአፈሩ የሻካራው ልክ ከ4 እጥፍ አይበልጥ። አንዳንድ መሐንዲሶች እስከ 5 እጥፍ ይፈቅዳሉ። በሎሚዎቹ ምሳሌ ድንበሩ ስድስት ተኩል እንደ ነበረ ሲታሰብ፤ ሕጉ ለጥንቃቄ ከዚያ ዝቅ ያለውን እንደ መረጠ ይታያል።

ሁለተኛ ሕግ፤ ውሃው እንዲያልፍ፤ የማጥለያው የደቃቁ ልክ ከአፈሩ የደቃቁ ልክ ከ4 እጥፍ አይነስ። የዚህ ምክንያት እንዲህ ነው። ሄንሪ ዳርሲ የሚባል የፈረንሳይ መሐንዲስ በዲዦን ከተማ ውሃን በአሸዋ ውስጥ እያሳለፈ ፈትኖ፤ የሚያልፈው ውሃ በውሃው ከፍታ ልክ እንደሚጨምር፤ በአሸዋውም ውፍረት ልክ እንደሚቀንስ በ1856 ዓ.ም. አስታወቀ። ከእርሱ በኋላ አለን ሄዘን የሚባል አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ግዛት የአሸዋ ማጥለያዎችን መርምሮ፤ የሚያልፈው ውሃ ከደቃቁ ቅንጣት ውፍረት ጋር ሲያድግ ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ እንደሚታሰብ በ1892 ዓ.ም. ጻፈ። እንግዲህ ደቃቁ 4 እጥፍ የሆነ አሸዋ 4 ጊዜ 4፤ ማለት 16 እጥፍ ያህል ውሃ ያሳልፋል። ማጥለያው ከአፈሩ ይህን ያህል የቀለለ መንገድ ካልሆነ ውሃው ከበስተኋላው ይጠራቀማል፤ ቦዩም ተሠርቶ ሳለ መሬቱ አይጠነፍፍም።

ሁለቱ ሕግጋት እርስ በርሳቸው የሚከራከሩ ይመስላሉ። አንደኛው «ደቃቅ አድርግ» ይላል፤ ሁለተኛው «ሻካራ አድርግ» ይላል። የማጥለያ ሠሪ ጥበብ በሁለቱ መካከል ያለውን ስፍራ ፈልጎ ማግኘት ነው።

፬ በቍጥር የቀረበ ምሳሌ

በአንድ ተዳፋት ግርጌ ያለው አፈር ደቃቅ አሸዋማ ነው እንበል። የደቃቁ ልክ 0.1 ሚሊሜትር፤ የሻካራው ልክ 0.5 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። በአንደኛው ሕግ የማጥለያው የደቃቁ ልክ 4 ጊዜ 0.5፤ ማለት ከ2 ሚሊሜትር አይበልጥም። በሁለተኛው ሕግ 4 ጊዜ 0.1፤ ማለት ከ0.4 ሚሊሜትር አያንስም። እንግዲህ በ0.4ና በ2 ሚሊሜትር መካከል ያለ አሸዋ ይፈለጋል።

ከወንዝ የመጣ አሸዋ ተነፍቶ የደቃቁ ልክ 0.5፤ የሻካራው ልክ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ለዚህ አፈር ይስማማል። አሁን ይህ አሸዋ በተራው እንደ አፈር ይቈጠርና ለእርሱ የሚሆን ጠጠር ይፈለጋል። 4 ጊዜ 3 12 ነው፤ 4 ጊዜ 0.5ም 2 ነው። ስለዚህ የጠጠሩ የደቃቁ ልክ በ2ና በ12 ሚሊሜትር መካከል ይሁን። የደቃቁ ልክ 6፤ የሻካራው ልክ 20 ሚሊሜትር የሆነ ጠጠር መልካም ነው። ከጠጠሩ በኋላ የሚመጣው ድንጋይ ደግሞ የደቃቁ ልክ ከ80 ሚሊሜትር አይበልጥ። በድንጋይ ፈንታ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ የሚደረግ ከሆነ የቀዳዳው ስፋት ከጠጠሩ የሻካራው ልክ እኩሌታ፤ ማለት ከ10 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይሻላል።

አንድ ሰው አሸዋውን ትቶ ጠጠሩን በቀጥታ በአፈሩ ላይ ቢያደርግ ምን ይሆናል? የተፈቀደው 2 ሚሊሜትር ሲሆን የጠጠሩ ልክ 6 ነው፤ ሦስት እጥፍ አለፈ። አፈሩ ይገባል፤ ቦዩም ይደፈናል። የአንድ ቀን የአሸዋ ሸክም የተረፈ መስሎት የክረምቱን ሥራ ሁሉ ያጠፋል።

አፈሩ ሸክላ ወይም ደቃቅ ደለል ሲሆን ልኩን በወንፊት ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ዓይነት አፈር ጄምስ ሸራርድና ባልንጀሮቹ ብዙ ፈተና አድርገው በ1984 ዓ.ም. አሳትመዋል። ከፈተናቸው የተገኘው፤ የደቃቁ ልክ ከ0.5 ሚሊሜትር የማይበልጥ ንጹሕ አሸዋ አብዛኛውን ሸክላና ደለል አጥብቆ እንደሚይዝ ነው። ይህም አሸዋ ውሃ እንዲያሳልፍ የደቃቁ ልክ ከ0.1 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም።

፭ በመንደር ውስጥ የሚደረጉ ፈተናዎች

ታላቅ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ የሚከተሉት ፈተናዎች ይበቃሉ።

የወንፊት ፈተና። በወንፊቱ ላይ በ1 ሳንቲሜትር ርዝመት ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ይቈጠሩ። 5 ቢሆኑ የአንዱ ቀዳዳና የአንዱ ክር ስፋት ባንድነት 2 ሚሊሜትር ነው፤ የክሩ ውፍረት ሲቀነስ የቀዳዳው ስፋት ይገኛል። ከዚያ 1 ኪሎ ደረቅ አሸዋ ተመዝኖ ይነፋ። ያለፈው 150 ግራም ከሆነ የወንፊቱ ቀዳዳ የደቃቁ ልክ ነው፤ 850 ግራም ከሆነ የሻካራው ልክ ነው። ልዩ ልዩ ወንፊት ባለበት ስፍራ በሁለቱ መካከል ያለውን በግምት ማግኘት ይቻላል።

የጠርሙስ ፈተና። የጠርሙሱ ሢሶ አሸዋ፤ የቀረው ውሃ ተደርጎ በኃይል ይወዝወዝና አንድ ቀን ሙሉ ይቀመጥ። አሸዋው ወዲያው ይሰፍራል፤ ጭቃው ግን ቈይቶ በላዩ ይተኛል። የጭቃው ውፍረት ከአሸዋው ውፍረት ከ20 እጅ 1 እጅ ቢበልጥ አሸዋው መታጠብ አለበት።

የድቡልቡል ፈተና። ጥቂት የረጠበ አሸዋ በእጅ ተጨብጦ ድቡልቡል ይደረግና በውሃ በተሞላ ገበቴ ውስጥ ይቀመጥ። ወዲያው ቢፈርስ መልካም ነው። ሳይፈርስ ቢቈይ ጭቃ አያይዞታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ አሸዋ ስንጥቅ ሲገኝ ወርዶ አይዘጋውም፤ ራሱም ተሰንጥቆ ይቀራል።

የሁለቱ ጣሳዎች ፈተና። ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ የሚፈርደው የሥራው ስፍራ አፈር ራሱ ነውና። እኩል የሆኑ ሁለት ጣሳዎች ሥራቸው በምስማር ይበሳ። በአንደኛው ከታች ድንጋይ፤ በላዩ ቦዩ ከሚቈፈርበት ስፍራ የመጣ አፈር ይደረግ። በሁለተኛው ድንጋይ፤ ጠጠር፤ አሸዋ፤ ከዚያ ያው አፈር በተራ ይደረግ። በየቀኑ እኩል ውሃ በሁለቱም ላይ በዝግታ ይፍሰስ፤ የሚወጣው ውሃም በብርጭቆ ይቀበሉት። ልጆች እስከ 7 ቀን ድረስ የውሃውን መልክ፤ ብርጭቆውን ለመሙላት የፈጀውን ጊዜ፤ አፈሩም ምን ያህል እንደ ወረደ በደብተራቸው ይጻፉ።

ፍርዱም እንዲህ ነው። ሁለተኛው ጣሳ በመጀመሪያ ደፍርሶ ኋላ ከጠራ፤ አፈሩም ካልወረደ፤ ማጥለያው መልካም ነው። እስከ መጨረሻው ከደፈረሰ አሸዋው ሻካራ ነው፤ ደቃቅ ይፈለግ። ውሃው ጠርቶ ሳለ ዕለት ዕለት እየዘገየ ከሄደ ግን አሸዋው እጅግ ደቃቅ ወይም ጭቃ ያለበት ነው፤ ይታጠብ ወይም ይለወጥ።

፮ የቦዩ አሠራር

በመጀመሪያ የውሃው መውጫ ይመረጥ። የሚወጣው ውሃ በሰው እርሻ ላይ የሚወርድ ከሆነ ለአንዱ የተሠራው ለሌላው ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ባለመሬቶቹን አስማምተው ውሃው ወደ ተፈጥሮ ፈሰስ ወይም ወደ ወንዝ የሚደርስበትን መንገድ አስቀድመው ይቍረጡ። ከቍፋሮ በኋላ የሚነሣ ጠብ ቦዩን ሳይደፈን ያስደፍነዋል።

ቍፋሮው ከታች ከአፉ ጀምሮ ወደ ላይ ይሂድ፤ እንዲህ ሲሆን በሥራው ጊዜ የሚመነጨው ውሃ በራሱ ይወጣል። የቦዩ ወለል በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ ይህም በዓይን ግምት ሳይሆን በውሃ ልክ ይታይ። በመካከል ጐድጓዳ ስፍራ ቢኖር ደለል በዚያ ይተኛልና ይስተካከል።

አሸዋው በቦዩ ወለልና በሁለቱ ጐን ከላይም ይደረግ። ብዙ ሰዎች አሸዋውን ከላይ ብቻ ይበትናሉ፤ ውሃው ግን ከጐንና ከታችም ስለሚገባ እንዲህ ያለው ሥራ ከሁለት በር አንዱን ዘግቶ እንደ መተኛት ነው። የእያንዳንዱ ንብብር ውፍረት ከ15 ሳንቲሜትር ባያንስ ይሻላል፤ ሲሳሳ በአንድ ስፍራ ይቋረጣልና።

ንብብሮቹ እንዳይቀላቀሉ በመካከላቸው ሳንቃ ቆሞ፤ በአንድ ወገን አሸዋ በአንድ ወገን ጠጠር እየተደረገ ሳንቃው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሳብ። አሸዋም ጠጠርም ከከፍታ አይወርወር፤ ሻካራው ተንከባሎ ለብቻው፤ ደቃቁም ለብቻው ይሆናልና። አሸዋው ጥቂት ረጥቦ ቢደረግ ሳይለያይ ይቀመጣል። ገለባ፤ ቅጠልና ጭራሮ በማጥለያ ውስጥ አይግባ፤ ሲበሰብስ ባዶ ስፍራ ይተዋልና።

ከሁሉ በላይ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የተጠቀጠቀ አፈር ይከደን። ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይሠራ፤ ማጥለያው የተሠራው ከመሬት ውስጥ ለሚሰርግ ውሃ ነው እንጂ ለድፍርስ ጎርፍ አይደለም። አፉ በድንጋይ ይገንባ፤ አይጥና እንቍራሪትም እንዳይገቡበት በሽቦ ወንፊት ይከለል። ባሕር ዛፍና ሌላ ሥሩ ውሃ የሚፈልግ ዛፍ በአጠገቡ አይተከል።

ለድጋፍ ግንብም ነገሩ ይኸው ነው። በሲሚንቶ የተሠራ ግንብ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ያስፈልጉታል፤ በቀዳዳዎቹም ኋላ ጠጠር፤ ከጠጠሩ ኋላ አሸዋ ይደረግ። ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ ግን ውሃውን በራሱ ያሳልፋል። በ2011 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ለዚህ የታወቀ ምስክር ነው፤ የድንጋዩ ካብ አፈሩን ይዞ ትርፉን ውሃ ይለቃል።

በዚህ ዘመን ከፕላስቲክ ክር የተሠራ የማጥለያ ጨርቅ በአሸዋ ፈንታ ይደረጋል። በፈረንሳይ አገር በቫልክሮ ግድብ በ1970 ዓ.ም. ተሠርቶበታል። ጨርቁም ቢሆን ከሕጉ አያመልጥም፤ ቀዳዳው ከአፈሩ ጋር መስማማት አለበት። በፀሐይ የቈየ የማዳበሪያ ከረጢት ግን ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለምና አይተካውም።

፯ ይህ ቦይ መድኃኒት የማይሆንበት ስፍራ

የተከደነ ቦይ ለሁሉ መሬት አይበጅም። በደጋና በወይና ደጋ ባሉ ሜዳዎች የሚገኘው ጥቍር የዋልካ አፈር በክረምት ሲረጥብ ያብጣል፤ ክፍተቱም ይዘጋል፤ ስለዚህ ውሃው ወደ ጥልቁ ቦይ እስኪሰርግ ድረስ አዝመራው ይጐዳል። ለዚህ መሬት የሚሻለው ውሃውን በላይ ማጠንፈፍ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከፍ ያለ መደብ በእጃቸው እየሠሩ ውሃውን በመካከሉ በፈሰስ ያወጣሉ። በ1980ዎቹ ዓመታትም በኢትዮጵያ የነበሩ ተመራማሪዎች ከሁለት የበሬ ማረሻ አያይዘው መደብ የሚሠራ መሣሪያ አወጡ፤ መደቡ 80 ሳንቲሜትር፤ ፈሰሱም 40 ሳንቲሜትር ስፋት አለው።

እንግዲህ ማጥለያ ያለው ቦይ ስፍራው፤ በተዳፋት ግርጌ ውሃ የሚመነጭበት ረግረግ፤ ከግንብ ኋላ፤ በምንጭ ዓይን አጠገብ፤ በጠቅላላውም ውሃ ሊሰርግበት በሚችል አፈር ውስጥ ነው። መሬቱን ሳይለዩ መቈፈር በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መስጠት ነው።

ስለ ምንጭ ሁለት ነገር ይታወቅ። አንደኛ፤ ምንጭ ሲገነባ ውሃው ከቀድሞ ዓይኑ ከፍታ በላይ እንዲወጣ አይገደድ፤ ሌላ መንገድ ፈልጎ ሊሰወር ይችላልና። ሁለተኛ፤ የአሸዋና የጠጠር ማጥለያ አፈርን ያስቀራል እንጂ በሽታን ያስቀራል ብሎ መታመን አይገባም። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ስለዚህ ሽንት ቤትና የከብት በረት ከምንጩ በላይ አይሁን፤ የእርሻ ቦይ ውሃም ለመጠጥ አይቀዳ።

፰ ስለ ጥበቃ

ቦዩ ከተሠራ በኋላ በመጀመሪያው ክረምት ከዝናብ ማግስት ሁሉ አፉ ይታይ። ጥቂት ጊዜ ደፍርሶ ከጠራ መልካም ነው። ጠርቶ የነበረው እንደ ገና ቢደፈርስ በውስጥ አፈር እየሄደ ነው ማለት ነው፤ በላዩ ያለው መሬት ሳይሰምጥ ያ ስፍራ ተከፍቶ ይጠገን። በቴተን የታየው ድፍርስ ውሃ እንዲህ ያለ ምልክት ነበረ።

የውሃውም ብዛት ይለካ። አንድ እንስራ በስንት ጊዜ እንደሚሞላ በየወሩ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቢጻፍ፤ ዝናቡ ሳይቀንስ ውሃው የቀነሰበት ጊዜ ይታወቃል፤ ቦዩም ፈጽሞ ሳይደፈን ይደረስለታል። ይህን መዝገብ የሚጽፉ ሁለት ልጆች ተመርጠው በየዓመቱ ቢለወጡ፤ ሥራው ከሠሩት ሰዎች ጋር አያረጅም።

ለልጆች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. በድንጋይ ብቻ የተሞላ ቦይ ስለ ምን ይደፈናል? ባይደፈንስ ምን ሌላ ጉዳት ይመጣል?

2. ውፍረቱ 13 ሳንቲሜትር በሆነ ሦስት ኳስ መካከል ሊያልፍ የሚችለው ትልቁ ክብ ነገር ስንት ሳንቲሜትር ነው?

3. የአፈሩ የደቃቁ ልክ 0.2፤ የሻካራው ልክ 0.8 ሚሊሜትር ቢሆን፤ የማጥለያው የደቃቁ ልክ በስንትና በስንት መካከል ይሁን?

4. የሁለተኛው ጣሳ ውሃ ጠርቶ ሳለ ዕለት ዕለት ቢዘገይ ምክንያቱ ምንድር ነው? ምንስ ይደረግ?

5. በመንደራችሁ ውሃ የሚታቈርበትን አንድ ስፍራ ተመልከቱ። አፈሩ ዋልካ ነው ወይስ ውሃ የሚያሰርግ? ለዚያ ስፍራ የሚሻለው በላይ የሚሄድ ፈሰስ ነው ወይስ የተከደነ ቦይ? ውሃውስ ማንንም ሳይጐዳ በየት ይወጣል? ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ መልሱን ጻፉ።